«ፍጥነት» አትበሉት፤ እሽቅድምድም ነው

በአካባቢያችን የመኪና አደጋ በደረሰ ቁጥር የሚወጣው መግለጫ አንድ ነው። ቀኑ፣ ቦታው፣ የሟችና የቁስለኛ ቁጥር፣ ከዚያ «የአደጋው መንስኤ ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ማሽከርከር ነው»፣ በመጨረሻም «አሽከርካሪዎች ጥንቃቄ እንዲያደርጉ» የሚል ማሳሰቢያ። የሟች ሠልስት ሳይወጣ መግለጫው ይረሳል። እኔ የምጣላው «ፍጥነት» ከምትለዋ ቃል ጋር ነው። ፍጥነት የአንድ ሰው ጠባይ ነው። ከደምበጫ እስከ ቡሬ ባለው አስፋልት ላይ በየቀኑ የምናየው ግን ሁለትና ሦስት መኪና ተያይዞ የሚያደርገው ውድድር ነው። ውድድር ደግሞ ሽልማት አለው። ሽልማቱን የሚከፍል አለ፤ መነሻና መድረሻውን የወሰነም አለ። መግለጫው ስለነዚህ አንድም ቀን ተናግሮ አያውቅም።

ሕገ ወጥ የመኪና ውድድር ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው በፊልም ያየው ነው፤ ሌሊት፣ ያሸበረቀ መኪና፣ የጎማ ጭስ፣ ገንዘብ ያስያዙ ጎረምሶች። የእኛው እንዲህ አያምርም። የእኛው ከፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ወጥቶ ወደ ቡሬ የሚሄድ አባዱላ ነው። ውስጡ የታመሙ አባቷን ይዛ ከሆስፒታል የምትመለስ ሴት አለች፣ ተማሪ አለ፣ እግሩ ሥር ዶሮ ያስቀመጠ ገበሬ አለ። ከኋላው ሌላ አባዱላ ይመጣል። ጥሩምባ፣ መብራት፣ ደግሞ ጥሩምባ። የፊተኛው መሀል መንገዱን ይዞ አላሳልፍም ይላል፤ የኋለኛው ኩርባ ላይ ለመቅደም ይወጣል። የሁለቱም ዓይን ያለው ማንኩሳ መግቢያ ላይ ጥላ ይዛ የቆመች አንዲት ተሳፋሪ ላይ ነው። በሁለቱ መኪና ውስጥ ያሉት ሠላሳ ምናምን ሰዎች ለውድድሩ ፈቃዳቸውን የጠየቃቸው የለም። ሒሳቡን ግን የከፈሉት እነሱ ናቸው።

ባለሥልጣኖቻችን ይህን የሹፌር ጉርምስና አድርገው ያዩታል። ጉርምስና ከሆነ መድኃኒቱ ምክርና ቅጣት ነው፤ ስለዚህ ይመክራሉ፣ ይቀጣሉ፣ ዘመቻ ያውጃሉ። እኔ ደግሞ የምለው ይህ ነው፦ እሽቅድምድሙ የሥራው አደረጃጀት የወለደው ነው። አደረጃጀቱ እንዳለ ተቀምጦ ሹፌሩን ብቻ ብታስሩት፣ ነገ መሪውን የሚይዘው ሌላ ልጅ ያንኑ ውድድር ይወዳደራል።

ሒሳቡን እንይ። አብዛኛው ሹፌር የመኪናው ባለቤት አይደለም። የወር ደመወዝም የለውም። ማታ ማታ ለባለቤቱ የሚያስገባው የተቆረጠ ገቢ አለበት። ነዳጁ በእሱ ነው፤ የረዳቱ፣ የተራ አስከባሪው፣ የመንገድ ላይ «ሻይ» የምትባለዋም በእሱ ናት። ከዚህ ሁሉ የተረፈችው የእሱ እንጀራ ነች። እንበልና በቀን አምስት ምልልስ ቢሠራ አራቱ የሰው ናቸው፤ የልጆቹ እራት ያለው አምስተኛው ላይ ነው። አምስተኛዋን ሳይመሽ ለማግኘት ደግሞ አራቱን ማፍጠን አለበት። ጨዋ ሹፌር፣ የማይጠጣ፣ የማይቅም፣ የሰው ነፍስ የሚያሳዝነው ሹፌርም እዚህ ሒሳብ ውስጥ ሲገባ እግሩ ይከብዳል።

አሁን ወደ መናኸሪያው እንግባ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነውና። መኪናው ከፍኖተ ሰላም ሲወጣ ተራ አለው። ተራው ሲደርስ ይጭናል፣ ሲሞላ ይወጣል። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነው። ቡሬ ላይ ግን የመመለሻ ተራ የሚያዘው በመድረሻ ቅደም ተከተል ነው፤ ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይመዘገባል። ሁለት መኪኖች በአምስት ደቂቃ ልዩነት ተከታትለው ወጡ እንበል። የኋለኛው መንገድ ላይ ቀድሞ ቢገባ ያተረፈው አምስት ደቂቃ እንዳይመስላችሁ። ያተረፈው አንድ ሙሉ ተራ ነው። ሰው በሌለበት ቀን አንድ ተራ ማለት መናኸሪያ ግንብ ሥር የአንድ ሰዓት፣ የሁለት ሰዓት ቁጭታ ነው። ከዚህ ላይ በየመንገዱ የሚነሣውን ትርፍ ተሳፋሪ ጨምሩበት፤ እሱም የቀደመው ነው። ይህን ሥርዓት ያወጣ ሰው «ተሽቀዳደሙ» የሚል ደብዳቤ በማኅተም ቢጽፍ ኖሮ ከዚህ የበለጠ ግልጽ አይሆንም ነበር።

ከፍኖተ ሰላም ቡሬ 25 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። በሰዓት በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሄደ በ25 ደቂቃ ይደርሳል። በ90 የሄደ 17 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። የሕይወታችን ዋጋ እንግዲህ ስምንት ደቂቃ ናት። ተሳፋሪው ስምንት ደቂቃ ቀድሞ ቢደርስ ምን ይሠራባታል? አንድ ስኒ ቡና አይጠጣባትም።

ስምንቷ ደቂቃ ከመንገዱ ዳር ስትታይ ግን ሌላ ናት። አውራ ጎዳናው ከተሞቻችንን በዳር አያልፍም፤ በሆዳቸው ውስጥ ነው የሚያልፈው። ደምበጫ፣ ጅጋ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ማንኩሳ፣ ቡሬ፣ ሁሉም ገበያቸውም፣ ትምህርት ቤታቸውም፣ ቤተ ክርስቲያናቸውም በአስፋልቱ ግራና ቀኝ ነው። በገበያ ቀን በርበሬ የጫነ አህያ፣ ማዳበሪያ የተሸከመ ሰው፣ ከብት የሚነዳ ልጅ የሚሄደው በዚሁ አስፋልት ጠርዝ ላይ ነው፤ ሌላ መሄጃ አልተሠራለትማ። በሰዓት በ80 የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ሹፌሩ ልጁን አይቶ እግሩ ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ አንድ ሰከንድ ያህል ያልፋል። ፍሬኑ ከተያዘ በኋላም፣ መንገዱ ደረቅ፣ ጎማው ደህና ከሆነ፣ ሌላ 30 ሜትር ይንሸራተታል። በ40 ቢሄድ ኖሮ ጠቅላላው በ20 ሜትር ገደማ ይቆም ነበር። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የፍሬን ርቀት አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። ይህ የስምንተኛ ክፍል ፊዚክስ ነው፤ ምክር አይለውጠውም። ጎማው በተላገ፣ ክረምት በገባ ጊዜ ምን እንደሚሆን እናንተው ጨምሩበት።

«ይሄ የአንተ ግምት ነው» የሚል ይኖራል። ስለዚህ ራቅ ካለ አገር ማስረጃ ላምጣ። የቺሊ ዋና ከተማ ሳንቲያጎ አውቶቡሶች ለብዙ ዓመት ሹፌሮቻቸውን የሚከፍሉት በጫኑት ሰው ቁጥር ነበር። በዚያው ከተማ ቁርጥ ደመወዝ የሚከፈላቸው ሹፌሮችም ስለነበሩ አጥኚዎች ሁለቱን አነጻጸሩ። በሰው ቁጥር የሚከፈላቸው ሹፌሮች፣ በተነዳው ኪሎ ሜትር ሲሰላ፣ ያደረሱት አደጋ በሁለት ሦስተኛ ያህል በልጦ ተገኘ። ለእውነት ያህል ደግሞ ይህንም ልበል፤ በደመወዝ የሚነዱት ጋ ተሳፋሪው ትንሽ ረዘም ላለ ጊዜ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ዋጋው ያ ነው። እኔ ማንኩሳ ላይ አሥር ደቂቃ ተጨማሪ ብቆም እመርጣለሁ፤ እናንተም የምትመርጡ ይመስለኛል።

ኬንያ ቀረብ ትላለች። በ2003 እ.ኤ.አ. ጆን ሚቹኪ የሚባሉ የትራንስፖርት ሚኒስትር ማታቱ በሚሉት ታክሲያቸው ላይ ጠንከር ያለ ደንብ አወጡ፤ ዛሬም ድረስ በስማቸው ይጠራል። የፍጥነት መገደቢያ በ80፣ የደህንነት ቀበቶ ለሁሉም ተሳፋሪ፣ ይህ ሁሉ የሚታወቅ ነው። የማይወራለት አንድ አንቀጽ ግን ነበረበት፦ ሹፌርና ረዳት በቋሚነት ይቀጠሩ የሚል። ሰውየው የበሽታውን ሥር አይተውታል። ደንቡ በኋላ የላላው ተቆጣጣሪው ስለላላ ነው፤ ባለቤቶቹም ወደ ዕለት ገቢያቸው ተመለሱ።

ታዲያ የእኛ ዞንና ወረዳ ምን ያድርግ? ካሜራ ግዙ አልልም። በዚህ ጊዜ ካሜራ ማን ይሰቅላል፣ ማንስ ይጠብቀዋል? የምለው ወረቀት ነው። ዛሬም ከመናኸሪያ የሚወጣ መኪና መውጫ ይቆረጥለታል። እዚያች መውጫ ላይ የወጣበት ሰዓትና የተራ ቁጥሩ ይጻፍ። ቡሬ ሲገባ የመመለሻ ተራው የሚያዘው ከፍኖተ ሰላም በወጣበት ቅደም ተከተል ይሁን። በቃ። ቀድሞ የወጣ ቀድሞ ይመለሳል፤ ማንኩሳ ላይ የሚቀድመው ሰው የሚያገኘው ነገር የለም። ጎማ ፈንድቶበት የዘገየ ቢኖር ተራው ሲደርስ ስለሌለ ያልፈዋል፣ ሲመጣ ከኋላ ይገባል። ሁለተኛ፣ የመግቢያ ሰዓቱ እዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ። ከ25 ደቂቃ በታች የገባ መኪና መንገድ ላይ ማንም አይየው፣ ትራፊክ ይኑር አይኑር፣ ወረቀቱ ይመሰክርበታል። ኢጣሊያኖች ከ2005 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በፈጣን መንገዶቻቸው ላይ በካሜራ የሚሠሩት ይህንኑ ነው፤ የገባህበትንና የወጣህበትን ሰዓት አይቶ አማካይ ፍጥነትህን ማስላት። እኛ በእስክሪብቶ እንሥራው። ቅጣቱም ብር ብቻ አይሁን፤ የሦስት ቀን ተራ ይነጠቅ። ተራ የተነጠቀ መኪና ለባለቤቱ ገቢ አያስገባም፤ ባለቤቱ ያን ቀን ስልክ አንሥቶ ሹፌሩን «ቀስ ብለህ ንዳ» ይለዋል። እስከ ዛሬ ያላለውን ማለት ነው።

«ተራ አስከባሪው በጉቦ ሰዓቱን ይቀይረዋል» ትሉኛላችሁ። ይቀይራል። ነገር ግን ከኋላው የወጣው ሹፌር የራሱን ወረቀት ይዟል፤ ተራው የተበላበት እሱ ነው፣ የሚጮኸውም እሱ ነው። አሁን ባለው አሠራር የሚጎዳው እግረኛ ነው፤ እግረኛው ደግሞ መናኸሪያ ገብቶ የሚጮኽበት መስኮት የለውም።

አሁን የሚደረገውን ከዚህ ጋር አስተያዩት። ትራፊክ ፖሊሱ የሚቆመው ከተማ መግቢያና መውጫ ላይ፣ ሁልጊዜ እዚያው ዛፍ ሥር ነው። ከፊት የሚመጣው መኪና መብራት ይሰጣል፤ ሹፌሩ ይቀዘቅዛል፤ ረዳቱ ትርፍ የተጫኑትን «ጎንበስ በሉ» ይላል። እኛም ጎንበስ እንላለን! (ይህን ስጽፍ ራሴን አላወጣሁም።) ሁለት መቶ ሜትር ካለፈ በኋላ ውድድሩ ይቀጥላል። መኪናው ቢቆምም ብዙ ጊዜ መንጃ ፈቃዱ ውስጥ ታጥፎ የሚወጣ ነገር አለ፣ ባዶውን ይመለሳል። ይህች ገንዘብ ደግሞ የት እንደምትገባ ልብ በሉ፤ ከሹፌሩ እንጀራ ላይ የምትቀነስ ናት፣ ስለዚህ የሚያካክሳት በሌላ ፍጥነት ነው። ዘመቻም አለ። የዘመቻ ሳምንት ሁሉም ቀበቶ ያስራል፤ ሳምንቱ ሲያልቅ ቀበቶው ወደ ወንበሩ ሥር ይመለሳል።

ሦስተኛው የባለሥልጣን መድኃኒት ክልከላ ነው። ይሄኛው ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። አዲስ አበባ በሰኔ 30 ቀን 2011 ሞተር ብስክሌት አገደች፤ ምክንያቱ ዘረፋ ነበር። በየካቲት 2015 መጨረሻ ባጃጅን አገደች፤ ብዙ ሳትቆይ በመስመር ወስና መለሰችው። በእኛ ክልል ከተሞች ደግሞ ከግጭቱ ወዲህ ባጃጅና ሞተር ማገድ፣ መፍቀድ፣ እንደገና ማገድ የተለመደ ሆኗል። ምክንያቱ ፀጥታ ቢሆንም አገዳውን የሚያመሰግን ሰው አይጠፋም፤ «ቢያንስ ከነዚህ እብዶች ዐረፍን» ይላል። እኔ አላመሰግንም። እብዱንም ደህናውንም በአንድ ገመድ ማሰር አስተዳደር አይባልም። ከቋሪት ወይም ከደጋ ዳሞት ቀበሌዎች ምጥ የያዛት ሴት ዛሬ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል የምትደርሰው በምን ይመስላችኋል? አምቡላንስ ባለበት በአምቡላንስ፤ በሌለበት፣ ወይም አልሄድም ባለበት ቀን፣ ከፊትና ከኋላ ተደግፋ በሞተር ነው። ሞተር ስታግድ የምታግደው እሷን ነው። ተሽቀዳዳሚው ልጅ ግን ታርጋውን ፈትቶ በውስጥ መንገድ ይሄዳል። ደግሞስ በባጃጅ የታገደው ሰው ሁሉ አባዱላ ላይ ነው የሚደራረበው፤ እዚያ ደግሞ ከላይ የተናገርነው ውድድር ይጠብቀዋል።

ሕጉስ? ሕግ የለም የሚሉ ተሳስተዋል። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል። በሙያው የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት ይጠብቀዋል። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰው ከሞተ፣ ወይም አድራጊው ግልጽ የሆነ ደንብ ሆን ብሎ ከጣሰ ግን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ኩርባ ላይ ለመቅደም የወጣ ሰው የሚጥሰውን ደንብ አያውቅም የሚል ዳኛ ይኖራል? መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ የተፈተነበት ጥያቄ ነው። ክፍተቱ የሚፈጠረው ከዳኛው በፊት፣ የምርመራ መዝገቡ ላይ ነው። መዝገቡ «በፍጥነት ሲያሽከረክር» ይልና ያቆማል፤ ከማን ጋር ሲሽቀዳደም እንደነበር አይጽፍም። ሁለተኛው መኪና አደጋውን አልፎ ቡሬ ገብቶ ተራ ይዟል። የመጣ እንደሆነ ምስክር ሆኖ ነው የሚመጣው።

ይህን ጉዳይ ጀርመኖች ፊት ለፊት ገጥመውታል። በየካቲት 2016 እ.ኤ.አ. በርሊን መሀል ከተማ ሁለት ጎረምሶች ሲሽቀዳደሙ አንደኛው መንገዱን በአረንጓዴ መብራት የሚያልፉ የ69 ዓመት ሰው ገጭቶ ገደለ። ዓመታት በፈጀ ክርክር የገጨው በግድያ ወንጀል ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ያልገጨው፣ መኪናው ሟችን ያልነካው፣ በግድያ ሙከራ 13 ዓመት ተፈረደበት። ውድድር አንድ ሰው ብቻውን አያደርገውም ማለታቸው ነው። በ2017 ደግሞ ሕጋቸው ላይ አዲስ አንቀጽ ጨመሩ፤ ሰው ባይጎዳም መወዳደሩ ራሱ ወንጀል ሆነ፣ እስከ ሁለት ዓመት ያሳስራል። እኛም ይህን አንቀጽ እንፈልገዋለን። እስኪመጣ ድረስ ግን የዞኑ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ዛሬ ባለው ሕግ ሊያደርጉት የሚችሉት አለ፤ አደጋ በደረሰ ቁጥር «ከፊትህ ማን ነበር? ከኋላህስ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን መዝገብ ላይ ማስፈር።

ስለ ባለቤቱም ሕጉ ዝም አላለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 መኪና ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል፣ የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም። ከስድሳ ዓመት በፊት የተጻፈ ነው። ዛሬ ግን ባለቤቱ ከአደጋው በኋላ የሚታየው ከኢንሹራንስ ወረቀት ጋር ነው። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ በ2005 ዓ.ም በቁጥር 799 ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት ያስቀመጠው ጣሪያ 40 ሺህ ብር ነበር፤ ለንብረት ጉዳት ደግሞ 100 ሺህ። አንብባችሁ ድገሙት፤ ግንቡ ከሰውየው ይበልጣል።

ከዚያ በኋላ ሽማግሌ ይመጣል። ሽማግሌውን አልነቅፍም። ዕርቅ ባይኖር ጎጃም ውስጥ በመኪና የሞተ ሰው ደም ሌላ ደም ያስከትል ነበር፤ ደም ማድረቁ ብዙ ቤት አትርፏል። የምነቅፈው ዕርቁ የመንግሥትን ሥራ እንዲተካ መደረጉን ነው። ካሣው ተከፍሎ፣ መሐላው ተፈጽሞ ቤተሰቡ «ከሰን አንፈልግም» ሲል ፖሊስም መዝገቡን ያቀዘቅዘዋል፤ ምስክሩም ይጠፋል። ቤተሰቡ ታረቀ፤ እሰየው። መንገዱ ግን ከማን ጋር ታረቀ? በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው ኩርባ የምታልፈው ልጅ ከሽማግሌው ፊት አልቆመችም።

ወደ ከባዱ ጥያቄ ልምጣ። «በዚህ ጊዜ ስለ መኪና ፍጥነት ይወራል ወይ?» ይሉኛል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ወዲህ ምን እንደምናሳልፍ ለዚህ ቻናል አንባቢ አልናገርም። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ፍኖተ ሰላም ላይ የወረደውን ያየ ሰው የባጃጅ ጥሩምባ አያስደነግጠውም ይሆናል። ነገር ግን መንገዱ ከጦርነቱ ውጭ አይደለም፤ ውድድሩን አብሶታል እንጂ። መንገድ ለቀናት ይዘጋል፤ ሲከፈት የተጠራቀመው መኪና ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል፣ ነገ ስለመከፈቱ ዋስትና የለምና ሁሉም የዛሬን ለመጨረስ ይሮጣል። ሰዓት እላፊ አለ፤ ሳይመሽ መግባት የግድ ነው። እገታ አለ፤ ጭር ያለ ቦታ ላይ ቀስ ብለህ ንዳ ብዬ ሹፌርን የምመክር ሞኝ አይደለሁም። ፈርቶ የሚሮጥ ሰው ግን ብቻውን ይሮጣል፣ ሰው ያለበት ሲደርስ እፎይ ብሎ ይቀዘቅዛል። ተሽቀዳዳሚው የሚብስበት ሰው ያለበት ቦታ ሲደርስ ነው፤ ተሳፋሪው ያለው እዚያ ነዋ። ሁለቱን መለየት ለሚፈልግ ሰው አይከብድም።

ቁጥርም ልጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ለኢትዮጵያ ሁለት ቁጥር አስቀምጧል። በመንግሥት የተመዘገበው በአንድ ዓመት 4,352 ሟች ነው። ድርጅቱ ራሱ የገመተው 27,326 ነው። በሁለቱ መካከል ያሉት ከሃያ ሺህ በላይ ነፍሶች በመግለጫ እንኳ ያልተነገረላቸው ናቸው። ያ ግምት የወጣው ሰላም በነበረ ጊዜ ነው። አሁን መዝጋቢው ራሱ ከብዙ ወረዳ በወጣበት ጊዜ ምን ያህሉ እንደሚጻፍ አስቡት።

ስለ ሠርግና ጥምቀት ሰሞን ሞተረኞች ሳልናገር ባልፍ ይታዘቡኛል። ጥር ሲገባ ሙሽራ የሚያጅቡት ባጃጆችና ሞተሮች ፍኖተ ሰላም አስፋልት ላይ የሚሠሩትን ሁላችንም እናውቃለን፤ በአንድ ጎማ የሚጋልብ፣ በመስኮት ወገቡን አውጥቶ የሚጨፍር፣ ኋላው ተከፍቶ ካሜራ የያዘ ልጅ የተቀመጠበት መኪና። ይህኛው በእርግጥ ጉርምስና ነው። ለጉርምስና ግን አባቶቻችን ከእኛ የተሻለ አስበውለት ነበር። ጉግስ ሲጫወቱ ሜዳ ላይ ነበር፣ በበዓል ቀን፣ ሽማግሌ ባለበት፤ ገበያ መሀል ፈረስ የሚያስጋልብ ሰው ይወገዝ ነበር እንጂ አይታጀብም። ከቡሬ አልፈን እንጅባራ ብንሄድ በ1932 ዓ.ም የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 በሺህ የሚቆጠር ፈረስ ያወጣል። ቀን አለው፣ ሜዳ አለው፣ አለቃ አለው። የከተማ አስተዳደሮቻችን ለሞተረኛ ልጆች በዓመት ሁለት ቀን ሜዳ ቢሰጡ፣ ራስ ቁር አስገድደው ቢያወዳድሩ፣ ከሚያስሩት ይልቅ ያተርፋሉ። የሠርጉን አጀብ ደግሞ ካህኑና የሙሽራው አባት አንድ ቃል ቢናገሩበት ከትራፊክ ፊሽካ ይበልጣል።

ተሳፋሪውንም አልምረውም። ኬንያ ውስጥ ሁለት ተመራማሪዎች በማታቱ መስኮቶች ላይ «ሹፌሩ ሲያፈጥን ዝም አትበሉ፣ ተናገሩ» የሚል ወረቀት ለጠፉ። ውጤታቸው በ2011 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ ወረቀቱ በተለጠፈባቸው መኪኖች የኢንሹራንስ ካሣ ጥያቄ በግማሽ ያህል ወርዶ ነበር። እኛ ጋ አንዲት እናት «ኧረ በማርያም፣ የኔ ልጅ፣ ቀስ በል» ትላለች፤ ረዳቱ «ያልተመቸው ይውረድ» ይላል፤ ሌሎቻችን በመስኮት ውጭ ውጭውን እናያለን። አሥራ አምስት ሰው አንድ ላይ «አቁም፣ እንወርዳለን» ቢል ያ መኪና የትም አይሄድም፤ ሒሳቡም አልተከፈለ።

የወረቀቱን ሐሳብ ለማስጀመር አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፣ ከባሕር ዳር ደብዳቤም አይጠበቅም። የሁለቱ ከተሞች መናኸሪያዎችና የባለንብረት ማኅበራቱ ተስማምተው በፍኖተ ሰላም–ቡሬ መስመር ለሦስት ወር ሊሞክሩት ይችላሉ። ሹፌሮችና የማኅበር ሰዎች እዚህ ቻናል ላይ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ተራን በመውጫ ቅደም ተከተል መያዝ የማይሠራበት ምክንያት ካለ፣ በዕለት ገቢ ፈንታ ደመወዝ የማይቻልበት ሒሳብ ካላችሁ፣ ጻፉልኝ። ስማችሁን ሳልጠቅስ እንዳለ አወጣዋለሁ፤ ባለንብረቶችም ጭምር።